ሠላሳኛው በረካ

ባለፈው ጥር ትንሿ ልጄን ሳል ያዛት። ትኩሳት የላትም፤ ብቻ ሌሊት ሌሊት እያሳላት አላስተኛን አለች። የምንኖረው ጀርመን ሀገር፣ ኑርንበርግ ነው። ሰፈር ካለው ፋርማሲ ገባሁና ነገሩን አስረዳሁ። ነጭ ጋወን የለበሰችው ሴት በትህትና ሰማችኝ፤ ከመሳቢያ ጣት የምታህል ቡናማ ጠርሙስ አወጣች። ውስጧ ከማሽላ ፍሬ የማይበልጡ ነጫጭ ኳሶች አሉ። ግሎቡሊ ይሏቸዋል። «አምስት ፍሬ ምላሷ ሥር» አለችኝ። ወደ 9 ዩሮ ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳነበው እንዲህ ይላል፦ የተመዘገበ የሆሚዮፓቲ መድኃኒት ስለሆነ ለየትኛው ሕመም እንደሚሰጥ አልተጠቀሰም። ሆሚዮፓቲ አንድን ነገር እጅግ አቅጥኖ በመስጠት እናድናለን የሚል የሕክምና ዘዴ ነው። ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። መድኃኒትነቱ ተጽፏል፤ የምን መድኃኒት እንደሆነ ግን የለም።

ጠርሙሷ ላይ «ድሮሴራ ሲ 30» ተብሏል። ድሮሴራ ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ነፍሳት የሚበላ ተክል ነው። «ሲ 30» የምትለዋን በቡና እናስላት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካው እንኳ ቀጥኖ ስንት ወሬ ይወራበታል። እዚህ ግን ከአቦሉ አንድ እጅ ተወስዶ በ99 እጅ ውኃ ወይም አልኮል ይቀጥንና ይናጣል። ከቀጠነው ደግሞ አንድ እጅ ይወሰድና እንደገና በ99። እንዲህ እየተባለ 30 ጊዜ። ገና 12ኛው ላይ ሲደረስ ከተክሉ አንዲት ሞለኪውል መቅረቷ ያጠራጥራል። 30ኛው ላይ አንዲት አገኛለሁ ያለ ሰው ከፀሐይ የከበደ ውኃ መጠጣት ሊኖርበት ነው። ይሄ ውኃ ነው እንግዲህ ስኳር ላይ የሚረጨው።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «ምንም የለበትም? ጠበል ነው በለኛ!» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ጠበልማ በነፃ ነው» ብላ ፌጦ በማር አዘዘችልኝ።

በአምስተኛው ቀን ልጅቷ ዳነች። ባለቤቴ ግሎቡሊው ነው አለች። እናቴ ፌጦው ነው አለች። እኔ ሳሉ ጊዜውን ጨርሶ ሄደ ባይ ነኝ። የሦስታችንም ማስረጃ ያቺው የዳነች ልጅ ናት። እንዲህ ሲሆን ማን ማንን ይረታል?

ይሄው ክርክር በዚሁ በኑርንበርግ ተነስቶ ነበር፤ በ1835 እ.ኤ.አ.። የሆሚዮፓቲ አባት ሳሙኤል ሀነማን ያኔ በሕይወት አለ። የከተማዋ የጤና ሹም ፍሪድሪሽ ፎን ሆፈን ሆሚዮፓቲ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብሎ ጻፈ። አንድ የሆሚዮፓቲ ሐኪም ደግሞ «እስቲ ራስህ ቅመሰው» አለው። የምግብ ጨው እንኳ እንደዚያ ቀጥኖ ሲጠጣ ጤነኛ ሰው ላይ ለውጥ ያሳያል ባይ ነው። ከዚያ የከተማው ሰዎች ያደረጉት ነገር እስከዛሬ ይገርመኛል። «ቀዩ አውራ ዶሮ» የሚባል መጠጥ ቤት ተሰበሰቡ። መቶ ጠርሙስ ቀላቅለው ቁጥር ሰጡ። ግማሹ ውስጥ ከበረዶ የተጣራ ውኃ ብቻ ገባ፤ ግማሹ ውስጥ 30 ጊዜ የቀጠነ ጨው። የትኛው ቁጥር የቱ እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር ታሸገ። ሰጪም ተቀባይም አያውቅም። ከወሰዱት 50 ሰዎች መልስ ሰጡ። 42ቱ ምንም አልተሰማንም አሉ። የተሰማቸው 8 ናቸው፤ ዝርዝሩ ሲከፈት 5ቱ ጨዉን፣ 3ቱ ባዶውን ውኃ የጠጡ ሆነው ተገኙ። በቢራ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ያውም ከ190 ዓመት በፊት!

ዛሬ የመድኃኒት ሙከራ የሚባለው መሠረቱ ይኸው ነው። በመልክም በጣዕምም አንድ ዓይነት የሆነ ማስመሰያ፣ ፕላሴቦ የሚሉት፣ ለግማሹ ሰው ይሰጣል። በራሱ የሚሻለው በሁለቱም ወገን ይሻለዋል። ስለታከመ ብቻ ልቡ የሚረጋጋውም እንዲሁ። መድኃኒቱ በእርግጥ የሚሠራ ከሆነ የሚታየው በሁለቱ ወገኖች ልዩነት ነው። በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 110 የሆሚዮፓቲ ሙከራዎችን ከ110 የመደበኛ መድኃኒት ሙከራዎች ጋር አነጻጸረ። ትልልቆቹና በጥንቃቄ የተሠሩት ብቻ ተመርጠው ሲታዩ የሆሚዮፓቲው ውጤት ከፕላሴቦ ብዙም አይለይም። በ2015 የአውስትራሊያ የጤና ምርምር ምክር ቤትም ያሉትን ጥናቶች መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ ይሠራበታል ተብሎ የሚታመን ማስረጃ ያለው አንድም ሕመም አላገኘሁም አለ።

ታዲያ ፋርማሲው ውስጥ ምን ይሠራል? ሕጉ ነው ያስገባው። ከ1978 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጀርመን የመድኃኒት ሕግ ለእሱ የተለየ በር ከፍቶለታል። ይህን ሕመም ያድናል ብለህ እስካልጻፍክ ድረስ፣ እንደሚያድን ሳታረጋግጥ ታስመዘግበዋለህ። የሚሸጠውም ፋርማሲ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ክብር ጨመረለት።

እኔን የሚከነክነኝ እዚህ ጋ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ነው። እንዶዱ እንደሚገድለው በላቦራቶሪ አሳዩ፤ አድዋ ላይም ለዓመታት ተሞከረ። የውጭ ገንዘብ ሰጪዎችና ድርጅቶች ግን ምርመራው እነሱ በሚያምኑት ላቦራቶሪ፣ እነሱ ባወጡት ደንብ እንዲደገም ፈለጉ። ዓመታት ነጎዱ። መጠየቃቸው በራሱ ልክ ነው፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። የኛ ባህል ሐኪሞችም ቢጠየቁ ደስ ይለኛል። ሥሩን በምስጢር ነቅለው፣ መጠኑን በእፍኝ ገምተው የሚሰጡት ነገር እንደ ግሎቡሊ ባዶ አይደለም፤ ኮሶ ትሉን በእርግጥ ያወርዳል፣ ሲበዛ ግን ሰውንም ይጎዳል። ብቻ ጥያቄው ለአድዋው ሲጠብቅ ለኑርንበርጉ ለምን ላላ?

ጠርሙሷ አሁንም ማድቤት መደርደሪያ ላይ አለች። ልጄ ኳሶቹ እንደሚጣፍጡ ደርሳባቸዋለች። ጤነኛ ሆና እራት በልታ ስትጨርስ መጥታ አጠገቤ ትቆምና፣ አንድ ዓይኗን መደርደሪያው ላይ አድርጋ «ኡሁ፣ ኡሁ» ትለኛለች።