ሎኬሽን አብሩ

አበሻ ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት አለው። ስለ ክትባት፣ ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ ሰው ትዳር። «ምን ማስረጃ አለህ?» ስትለው «የማምነው ሰው ነው የነገረኝ» ይልሃል። የሚያምነው ሰው የሰማው ደግሞ ከሌላ ከሚታመን ሰው ነው። በዚህ መንገድ ስንት ዘፋኝ ገድለን ቀብረናል። ሟቹ በማግስቱ መድረክ ላይ ሲዘፍን ብናየው እንኳ አንደነግጥም።

እ.ኤ.አ. በ2021፣ ወርኃ ግንቦት ላይ፣ ይህን ጠባያችንን የሚፈታተን ነገር ከመሬት ወጣ። ለማጋነን አይደለም፣ እውነትም ከመሬት ነው የወጣው። ዲሲና ዙሪያዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሉት አሌክሳንድሪያ፣ አበሻ የሰፈረበት ሰፈር ሲካዳ በሚባል ባለክንፍ ነፍሳት ተሞላ። ይህ ዓይነቱ ሲካዳ 17 ዓመት ከመሬት በታች የዛፍ ሥር እየመጠጠ ይኖራል። አፈሩ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ 18 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ግር ብሎ ይወጣል። ዓይኑ ቀይ፣ ገላው ጥቁር ነው። አይነክስም፣ አይናደፍም። ይጮሃል ብቻ። የሚጮኸውም ወንዱ ነው፣ ሴት ፍለጋ። በሚበዛበት ቦታ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ መሬት ላይ እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል ይደርሳል ይባላል። ሌላ መከላከያ የለውም፤ ብዛቱ ነው መከላከያው። ወፉም ውሻውም በልቶ በልቶ ሲያንገሸግሸው፣ የተረፈው ይጋባል።

ሲንሲናቲ ውስጥ በማውንት ሴንት ጆሴፍ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ጂን ክሪትስኪ የሚባል ሳይንቲስት አለ። ከባልደረቦቹ ጋር «ሲካዳ ሳፋሪ» የተባለ አፕ አወጣ። ሲካዳ ያየ ሰው ፎቶ አንስቶ ይልካል። ፎቶው ይመረመራል፣ ሲካዳነቱ ከተረጋገጠ ካርታ ላይ ነጥብ ይሆናል። ነገሩ ግልጽ ነው። ይህ መንጋ በ15 ስቴቶችና በዲሲ ነው የሚወጣው፣ ከወጣ በኋላ የሚቆየው ቢበዛ ስድስት ሳምንት ነው። አንድ ፕሮፌሰር ሁሉንም አይዞረውም። ያመለጠው ደግሞ ሌላ 17 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ሕዝቡ ይቁጠርለት። በዚያ ወቅት ከ500 ሺህ በላይ ፎቶ ጎርፎለታል።

የእኛ ማኅበር ድርሻ ምን ያህል እንደነበር አልናገርም።

ነገሩን ወደ ማኅበራችን ቫይበር ግሩፕ ያመጣችው የአንዱ አባል ልጅ ናት። የሃይስኩል ተማሪ ናት፤ አማርኛዋ ይሰበራል፣ ጨዋነቷ ግን አይሰበርም። «እባካችሁ ይሄን አፕ ዳውንሎድ አድርጉ፣ ሲካዳ ስታዩ ፎቶ ላኩ» ብላ ሊንኩን ለጠፈች። መጀመሪያ የመጣው መልስ «አሜን» ነበር። ቀጥሎ ሦስት ሰው የጸሎት እጅ ላከ። አንዲት እትዬ «ነፍስ ይማር፣ ቀብሩ የት ነው?» አሉ። አይፈረድባቸውም። ግሩፑ ላይ ከቀብርና ከቤት ኪራይ ውጪ ማስታወቂያ ተለጥፎ አያውቅም።

ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። ሒሳብ ሹማችን «ይሄ አንበጣ ነው» አሉ። አገር ቤት በአንበጣ ከተወረረ ገና ዓመቱ ስለነበር ሁሉም ክው አለ። ልጅቷ «ጋሼ፣ አንበጣ ቅጠል ቆርጦ ይበላል። ሲካዳ ግን መምጠጫ ነው ያለው፣ አይቆርጥም» ብላ ጻፈች። ያነበበላት የለም። ሌላው ተነስቶ «ባለፈው የመጣው በ96 ነው» አለ። «የለም፣ በ2004 ነው!» አለ ሌላው። አንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዱ በፈረንጅ እየቆጠረ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ሁለቱም ተኳርፈው ወጡ።

እዚህ ላይ ስለ ቤንጃሚን ባኔከር ሳልናገር አላልፍም። ከባልቲሞር አጠገብ እርሻ የነበረው ነጻ ጥቁር ነው፣ በ1731 የተወለደ። በ1749፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ እኒሁ ሲካዳዎች ወጡ። እሱም አንበጣ መስለውት ዛፉን ሊጨርሱብኝ ነው ብሎ ይገድላቸው ጀመር፤ ማለቂያ እንደሌላቸው ሲያይ ተወው። በ1766 ሲመጡ ልብ አለ። በ1783 ሲመጡ ልብ አለ። ከዚያ «በ1800 ይመለሳሉ» ብሎ ጻፈ። አፕ የለ፣ ዩኒቨርሲቲ የለ፣ ቫይበር ግሩፕ የለ። እንዲያውም የተሳካለት ቫይበር ግሩፕ ስላልነበረው ይመስለኛል። ስንት ሰው «የለም፣ በ65 ነው» ይለው ነበር!

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። አፑ የሚፈልገው ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ነው። አስተያየትህን የጠየቀ የለም። ይሄ ራሱ ለአበሻ ከባድ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ሎኬሽን ማብራቱ ነው።

አበሻ የት እንዳለ አይናገርም። «የት ደረስክ?» ሲባል ገና ሻወር ቤት ሆኖ «495 ላይ ነኝ» ይላል። 495 ዲሲን የሚዞር አውራ ጎዳና ነው። ስለሚዞር ደግሞ በየትም በኩል ብትሄድ ልትደርስ ትችላለህ፣ ለውሸት የሚስማማ መንገድ ነው። ልጅቷ «ሎኬሽን ካላበራችሁ ፎቶው አይጠቅምም» ስትል ግሩፑ ጸጥ አለ። ጸሐፊያችን በውስጥ ደውለው «ይሄን መረጃ የሚያየው ማነው? ታክስ ሰብሳቢው ያየዋል?» ብለው ጠየቋት። አንዱ ደግሞ ፎቶውን አንስቶ፣ ሎኬሽኑን አጥፍቶ፣ «ቦታው አሜሪካ ነው» ብሎ ለግሩፑ ላከ።

የፈራነው አልቀረም። ቅዳሜ የማኅበሩን ዕቃ ከመጋዘን ወደ አዳራሽ የምናጓጉዝበት ቀን ነበር። ሊቀመንበራችን «ድርብ ሺፍት ገብቻለሁ፣ ይቅርታ» ብለው ቀሩ። ከሰዓት ላይ በሳይንስ ፍቅር ተነድተው የላኩትን ፎቶ ከነካርታው ስክሪንሾት አድርገው ግሩፑ ላይ ለጠፉት። ሲካዳው አንድ የቢራ ጠርሙስ አንገት ላይ ጉብ ብሏል። ከኋላው ጥብስ ይጤሳል። ካርታው በርክ ሌክ ፓርክ ይላል። አስተያየት ከሚሰጡት ሁሉ ቀድመው የጻፉት ባለቤታቸው ናቸው። የጻፉትም አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። «ከማን ጋር?»

ከዚያን ቀን በኋላ ከወንዶቹ በኩል አንድም ፎቶ አልመጣም።

ሥራውን የሠሩት የባለቤቴ እናት ናቸው። ለአራስ ጥየቃ መጥተው ኮቪድ ያስቀራቸው እናት ናቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም፣ መኪና አይነዱም፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ልጆቹ አይሰጧቸውም። ስለዚህ ያያሉ። ማልደው ጋቢያቸውን ደርበው ግቢ ይወጣሉ። እኛ ሣሩን ረግጠን መኪና ውስጥ ስንገባ፣ እሳቸው ሣሩ መሃል ትንሽ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አገኙ። አንድ ብቻ አይደለችም፣ በዛፉ ዙሪያ መሬቱ ወንፊት ሆኗል። ማታ ባትሪ ይዘው ወጡና ጠሩኝ። ቡናማው ነገር ቀስ እያለ ግንዱን ይወጣል። አንድ ቦታ ጥፍሩን ተክሎ ይቆማል። ጀርባው መሃል ለመሃል ይተረተራል። ከውስጡ እንደ ሊጥ የነጣ፣ ዓይኑ ብቻ የቀላ፣ ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር ነጥብ ያለው ፍጥረት ወደ ኋላ ተንጋሎ ይወጣል። ክንፉ የተጨማደደ ነው። ቀስ እያለ ይዘረጋል። ሲነጋ ጠቁሮ ደርቆ ይገኛል፣ ቅርፊቱ ግንዱ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። እማማ አማተቡና «በል አንሳው» አሉኝ። አነሳሁት።

ልጅቷ በስልክ ስትጠይቃቸው ሁሉን ነገር በዝርዝር ነገሯት። «ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው መጮህ የሚጀምሩት» ሲሏት በአሜሪካ አቆጣጠር ጻፈችው፤ ሌሊት ተነስተው የሚያሸብሩ ሲካዳዎች ሆኑ። ደግነቱ አፑ ሰዓቱን ከስልኩ ነው የሚወስደው። «የኛ ግቢ ሙሉ ነው። የጎረቤታችን ግን ባዶ ነው» አሉ። «ለምን?» አለች። «ዛፉን ቆርጦ ሲሚንቶ አፍስሶበታል። ልጆቹ ከታች ምን ይጥቡ?» ካርታው የሚፈለገው ለዚሁ ነበር። ዛፍ በተቆረጠበትና ሕንፃ በቆመበት ቦታ መንጋው ይጠፋል፤ የት የት እንደጠፋ የሚታወቀው የተረፈበትን ነጥብ በነጥብ በማስቀመጥ ነው።

ይህን ዲሲ መሃል ከተማ፣ ምድር ቤት ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ለሚሠራ ወዳጄ ስነግረው ቆጣ አለ። «እኔም 17 ዓመት ከመሬት በታች ነው የኖርኩት። አንድ ሰው ፎቶ አንስቶኝ ያውቃል?» አለኝ። በ2004 ሲካዳዎቹ ሲወጡ በዲቪ የመጣ ሰው ነው። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ነበር።

ሰኔ ላይ ነገሩ ከፍ ወዳለ ቦታ ደረሰ። ፕሬዚዳንት ባይደን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ አንዱ ሲካዳ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንገታቸው ላይ አረፈ። ጋዜጠኞቹን የሚወስደውም አውሮፕላን በሲካዳ ምክንያት ለሰዓታት ዘገየ። ግሩፑ ላይ ወዲያው «ይሄ ከኋላው የሆነ ነገር አለ» የሚል ትንታኔ ተለቀቀ። ፎቶ የለውም። ሎኬሽን የለውም። በአንድ ጊዜ ለሌሎች ስድስት ግሩፖች ተዳረሰ።

በዚያው ሰሞን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን «ሎብስተርና ሽሪምፕ የማይስማማችሁ ሲካዳ አትብሉ፣ ዘመዳሞች ናቸውና» ብሎ አስጠነቀቀ። እኛ ዘንድ ሊበላ ያሰበ ማንም አልነበረም። ጥያቄው ግን ተነሳ። የባሕር ዘመድ ከሆነ የጾም ነው ወይስ የፍስክ? ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ገና ሳንጨርስ ይሄ ተጨመረብን። ሁለት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ አንድ ዲያቆን ቀን ቆጥሮ ገላገለን። ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ነበር፣ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 ነው። መሃሉ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሲካዳዎቹ የሰኔ ጾም ከመግባቱ በፊት አብዛኞቹ ሞተው ያልቃሉ። ብልህ ፍጥረት ናቸው። ክርክሩ ግን አንድ የምርቃት ድግስ ላይ እንደገና አገረሸ፤ አንዱ ሲካዳ ከዛፍ ላይ ተንሸራቶ የዶሮ ወጡ መሃል ገባ። እንቁላሉን ስትፈልግ የነበረች አንዲት ሴት ቀድማ አገኘችው። ጩኸቷ ከሲካዳዎቹ ይበልጥ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሲካዳው ሲያልቅ ልጅቷ አላረፈችም። «አይናቹራሊስት» የሚባል ሌላ አፕ አመጣች፣ ማንኛውንም ነፍሳት የሚቀበል። ንብ፣ ጉንዳን፣ ጢንዚዛ። እዚያ ላይ ደግሞ ስሙን ከሰጡት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ መስማማት አለባቸው፤ አለበለዚያ ፎቶው ለምርምር የሚበቃ ደረጃ አያገኝም። እኔ ለማኅበራችን ተስፋ አልሰጠሁትም። ጉንዳን አምጥተን ብንሰጣቸው እንኳ አንዱ ምስጥ ነው ይላል፣ አንዱ ድምፀ ተአቅቦ ያደርጋል፣ አንዱ ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ይላል።

በረሮ ላይ ግን ፍጹም ስምምነት አለ። በረሮ ፎቶ አንስቶ ሎኬሽን የሚያበራ አበሻ የለም። በካርታው መሠረት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አንድም አበሻ ቤት በረሮ የለም። ልጅቷ ይህን ስታይ ስቃ «እንዲህ ዓይነቱ ካርታ ነፍሳቱ ያሉበትን ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ማሳየት የፈለገበትንም ነው የሚያሳየው» አለችኝ። ተመራማሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ባዶ ቦታ ሲያዩ የለም ብለው አይቸኩሉም። የአበሻን ወጥ ቤት የሚያውቅ ደግሞ ጭራሽ አይቸኩልም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አንድም ሲካዳ በሕይወት በሌለበት፣ ሒሳብ ሹማችን ግሩፑ ላይ ብቅ አሉ። «አፑን ጭኛለሁ። ሲካዳው መቼ ነው የሚመጣው?» አሉ። የሚቀጥለው በ2038 ነው፣ በእኛ 2030 ግንቦት። ይህን በቀጥታ መናገር ግን አደጋ አለው፤ 2038 ያልነው አበሻ 2042 ላይ «495 ላይ ነኝ» ይለናል። ስለዚህ ኮሚቴው ተመካክሮ በጥሪው ላይ 2034 ብለን እንድንጽፍ ወስኗል። ልጅቷ ውሸት ነው ብላ እንዳትቃወመን ፈርተን ነበር። እሷ ግን ግድ የለም አለች። ከዚሁ መንጋ አንዳንዶቹ አራት ዓመት ቀድመው የመውጣት ልማድ አላቸው፣ በ2017ም በዚሁ አካባቢ ወጥተው ታይተዋል። እነሱ ይቀድማሉ።