አንድ ብር ትርፍ ከፍሎ ባለዕዳ የሆነው ደንበኛ

አጎቴ ኮምቦልቻ ሱቅ አለው። የደሴ ልጅ የዱቤ መዝገቡን ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሠራለት። ጎበዝ ልጅ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ መጥቶ ሲያሳየን ኮዱ አጭርና ያማረ ነበር። ፓይተን 3 ስያሜን በግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦

["ዕዳ የለበትም", "ዕዳ አለበት"][ዕዳ]

ያኔ ዕዳ የሚለው ስያሜ የሚይዘው እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ነበር። ፓይተን ሐሰትን እንደ 0፣ እውነትን እንደ 1 ይቆጥራል። የዝርዝር (በቅንፍ ውስጥ የተደረደሩት ነገሮች) ቆጠራም ከ0 ይጀምራል። ስለዚህ ሐሰት ሲሆን የፊተኛው፣ እውነት ሲሆን የኋለኛው ይወጣል። ብልጠት ነው። እኔ ግን አልወደድኩትም።

ሰነባብቶ አጎቴ «የኔ ልጅ፣ ስንት እንዳለባቸውም ይመዝገብ እንጂ» አለው። ልጁ ዕዳን ወደ ብር መጠን ቀየረ፤ ያቺን መስመር ረሳት። 300 ብር ያለበት ደንበኛ ሲመጣ ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። ሁለት ነገር ብቻ ካለው ዝርዝር ቁጥር 300ን ከየት ያምጣ?

ይሄስ ደግ ነው፣ ስህተቱ ይታያል። ሌላው ደንበኛ ዝርዝር ጠፍቶ (የገንዘቡን ማለቴ ነው) አንድ ብሩን ሱቁ ጋ ትቶ ሄዶ ነበር። ዕዳው -1 ሆነ። በፓይተን ደግሞ -1 የመጨረሻውን አምጣ ማለት ነው። «ዕዳ አለበት» ብሎ ቁጭ! ሰውዬው የራሱ ብር እያለው ዱቤህን ክፈል ተባለ።

ዘዴው ድሮ ምክንያት ነበረው። ቡሊያን የሚባለው የእውነትና የሐሰት ዓይነት በፈረንጆቹ 2003 ከፓይተን 2.3 ጋር ሲመጣ ከኢንቲጀር (ከሙሉ ቁጥር) ተወለደ፤ በ0 እና በ1 የተጻፈው የቆየ ኮድ እንዳይበላሽ። በአንድ መስመር የሚጻፈው ኢፍ-ኤልስ («እንዲህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያንን» የሚለው ትእዛዝ) ግን በ2006 በ2.5 ነው የገባው። እስከዚያ ሰው ምን ያድርግ? አሁን ግን ምክንያቱ የለም።

ልጁ ተሟገተኝ። «ኢፍ ዕዳ ብዬ ብጽፍም -1 እውነት ተብሎ ይሳሳት ነበር» አለኝ። ልክ ነው። «ዕዳ > 0» መባል ነበረበት። «እንግዲያው ዝርዝሩ ውስጥ ዕዳ > 0 ላድርግ?» አለ። ይሄኛው ይሠራል። ግን ዝርዝር ሁለቱንም አስቀድሞ ያሰላል። [0, ድምር / ብዛት][ብዛት > 0] ብትል ብዛት 0 በሆነ ቀን ለዜሮ ማካፈል ውስጥ ገብቶ ይወድቃል። ኢፍ-ኤልስ የማይፈለገውን ወገን አይነካውም።

አንድ ቦታ ብቻ ተውኩለት። ስንት ባለዕዳ እንዳለ ለማወቅ «ዕዳ > 0» የሚሉትን መልሶች በሙሉ ይደምራቸዋል። እውነት 1 ስለሆነ ድምሩ የሰዎቹ ብዛት ነው። እሷን አትንካት አልኩት።