ጉልበት የጨመረ ፓምፕ ውሃ አይጨምርም
«የጉድጓዱ ውሃ አነስተኛ ከሆነ የፈረስ ጉልበቱ ከፍ ያለ ፓምፕ ይግዙ» የሚለው ምክር ሰውን የሚያከስር ነው፤ ፓምፕ ውሃ ይስባል እንጂ አያመነጭም። ሱሉልታ ያለው የግቢያችን ጉድጓድ በእጅ የተቆፈረ፣ 18 ሜትር ጥልቀትና 1 ሜትር ስፋት ያለው ነው። መጀመሪያ የገዛነው ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ የተጠራቀመውን ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ባዶውን ሲዞር፣ በሁለተኛው ወር ሽቦው ነደደ፤ የተቃጠለው ጎማ ሽታ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ሞተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ውሃ ነውና! ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን አጉድለን በገመድ ለካነው፤ በሰዓት 20 ሳንቲ ሜትር ይሞላል፣ ይህም 157 ሊትር ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በ24 ሰዓት ግን ከ3,700 ሊትር በላይ ይሆናል፣ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ። አሁን በሰዓት 1,200 ሊትር የሚስብ አነስተኛ ፓምፕ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ አድርገን (ደለል እንዳይስብ) ሰቅለናል፤ የሰዓት መቆጣጠሪያው በየሁለት ሰዓቱ 15 ደቂቃ ብቻ እያሠራ 2,000 ሊትር የሚይዘውን ታንከር ይሞላል። «ታንከሩ ላይ ተንሳፋፊ ማጥፊያ ካለ ይበቃል» የሚሉም አሉ፤ እርሱ ግን ታንከሩ ሞልቶ እንዳይፈስ ነው የሚከላከለው፤ ሞተሩን የሚያድነው ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው፣ ውሃው ሲጎድል ፓምፑን የሚያጠፋው ሁለተኛ ተንሳፋፊ ማጥፊያ ነው። ምድር ላይ የሚቀመጠውን ፓምፕ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ጥልቀት አታስቡት፤ በእኛ ደጋ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ በተግባር ከ6 ሜትር በላይ ወደ ላይ አይስብም።