ውዳሴ «ገባችሁ?»

በአስተማሪነት ዘመኔ እንደ «ገባችሁ?» ያለ መሣሪያ አላየሁም። ጠመኔ ያልቃል፣ ዳስተር ይሰወራል፣ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ አንድ ይደርሳል። «ገባችሁ?» ግን በጀት አይጠይቅ፣ ግዥ ክፍል አያጓትተው። ወርወር ሳደርጋት 62 ጉሮሮ በአንድ ላይ «አዎ ቲቸር!» ይላል። የአራት ኪሎ ሐውልት ሥር የቆመ የታክሲ ተራ አስከባሪ እንኳ ትምህርቱ እንደገባን ሳይሰማ አይቀርም።

መቼም በደንቡ ለአንድ ክፍል የሚበቃው 50 ተማሪ ነው። ለእኔ 12 በምርቃት መጥተውልኛል፤ ተመስገን ነው።

አንዳንድ ነገር ፈላጊ «እስቲ አንዱን ነጥለህ ጠይቀው» ይለኛል። ለምን ብዬ? ያልገባው ቢገኝስ? እንደገና ላስረዳ ነው? ያለኝ 40 ደቂቃ ነው። ስም ጥሪው አሥሩን ይወስዳል። ተረኛው ውኃ ሳይረጭ ጠርጎ ባስነሳው አቧራ ተራ በተራ ስናስነጥስ አምስት ይሄዳል። ከዚያ አለቃው የሚያወሩትን ልጆች ስም ጽፎ ያመጣልኛል፤ እሱን ማንበብና መዳኘት አለ። (አለቃችን የሰው አፍ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሰሌዳውን ዞር ብሎ ያየበት ቀን ትዝ አይለኝም። ፊርማው ግን ከእኔ ያምራል።)

ደግሞ ልጆቹን እኩል አያይም ብላችሁ እንዳታሙኝ። ሌሰን ፕላኔን አምጥቼ ላሳያችሁ፤ «ፈጣን»፣ «መካከለኛ»፣ «ዘገምተኛ» ተብሎ ለሦስቱም ሳጥን ተሰምሯል። ለፈጣኖቹ «ተጨማሪ ጥያቄ ይሰጣል»፣ ለመካከለኞቹ «ድጋፍ ይደረጋል»፣ ለዘገምተኞቹ «ልዩ ድጋፍ ይደረጋል»። ይህቺን ነገር 2009 ላይ ጽፌያት ይኸው እስከ ዛሬ ታገለግለኛለች፤ የምቀይረው ቀኑን ብቻ ነው። ልዩ ድጋፉ ምንድን ነው? ወደ ኋላ ወንበር ማዛወር ነዋ። እዚያ መስኮት አለ፣ አየር አለ፣ የሚያስጨንቅ ሰው የለም።

የፊት ወንበሩ ሰቃዮች ግን እጃቸው ሳይወርድ ነው ክፍለ ጊዜው የሚያልቀው። የማስተምረው እነሱን ነው ማለት ሐሜት ነው፤ የሚመልሱልኝ እነሱ ናቸው እንጂ። የተቀሩትንማ 1 ለ 5 አደራጅቼ ለእነሱ አስረክቤያቸዋለሁ። አንዷ ትሠራለች፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ስድስቱም 10 ከ10። እንዲህ ያለ መተጋገዝ በዕድርም የለ።

የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ጊዜ ተማሪዎቹን ዩኒቨርሲቲ ወስደው ሲፈትኗቸው ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ ተብሎ አገር ሲንጫጫ፣ እኔ ጥፋቱ ወዲያው ነው የታየኝ። 3.3 በመቶ ማለት ከሠላሳ አንድ ነው። አደረጃጀቱ 1 ለ 29 ሊሆን ሲገባው ነዋ! በዚያ ላይ ማንም ሰው በር ላይ ቆሞ «ገባችሁ?» አላላቸውም። በማግስቱ ዓመት 3.2 ሲሆን እንኳ የጠየቀኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት ሱፐርቫይዘር መጣ። ክፍልፋይ መደመር ላይ ነበርኩ፤ ግማሽ ሲደመር ሲሶ። ታህቱን አመሳስዬ፣ ላዕሉን ደምሬ፣ አምስት ስድስተኛ ብዬ ጠመኔዬን አራገፍኩ። «ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» ሰውየው ፈገግ አለ። ከዚያ ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ፣ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደና የመጨረሻውን ወንበር ልጅ ደብተር ተቀበለው። ልቤ ቀጥ አለ። ይህ ልጅ ባለፈው ፈተና ግማሽና ሲሶን ደምሮ ሁለት አምስተኛ ያለኝ ነው፤ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት።

በሱፐርቫይዘሩ ትከሻ አሻግሬ አየሁ። ቀኑ አለ። ርዕሱ በቀይ ተሰምሯል። አምስት ስድስተኛዋ አለች። ከሥሯም የአማርኛ መምህሯ ጧት የሰሌዳው ጥግ ላይ የተወችው ማስታወሻ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተገልብጦ፣ ሁለቴ በቀይ ተሰምሮበታል፦ «እባክዎ አይጥፋ»።

ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን አወጣና ጻፈ፦ «የተማሪው ደብተር የተሟላ ነው»።