እርማት፦ የመበለቶችን ዳግም ጋብቻ ያስፈቀደው ራም ሞሃን ሮይ አይደለም

ወንድሜ፣ «በህንድ መበለቶች እንደገና እንዲያገቡ ሕግ ያስወጣው ራም ሞሃን ሮይ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ስህተት ነው። የቤንጋል የለውጥ አራማጅ የነበረው ሮይ የታገለው መበለቷ ከባሏ አስከሬን ጋር የምትቃጠልበትን የሳቲ ልማድ ሲሆን፣ ይህም በ1829 እ.ኤ.አ. ታገደ። እሱ በ1833 ብሪስቶል ውስጥ አረፈ፤ የጋብቻው ሕግ የወጣው ግን በ1856 ነው።

ለዚህ ሕግ የደከመው የካልካታ ሳንስክሪት ኮሌጅ ኃላፊ የነበረው ቤንጋላዊው ኢሽዋር ቻንድራ ቪዲያሳጋር ነው። ተቃዋሚዎቹ ሃይማኖትን ጋሻ ስላደረጉ፣ መልሱን ከዚያው ከጥንቱ የሂንዱ ሃይማኖታዊ ሕግ መጽሐፍ፣ ከፓራሻራ ድርሳን፣ አውጥቶ በ1855 አሳተመ፤ ለመንግሥትም አቤቱታ አስገባ። የተቃዋሚዎቹ ፊርማ እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ሕጉ ግን ጸደቀ። ለመበለቶቹ ሠርግ ከኪሱ እያወጣ ዕዳ ውስጥ ገባ። በ1870 የገዛ ልጁ ናራያን መበለት ሲያገባም ከጎኑ ቆመ።