የአጎቴ ጠገራ

ደብረ ብርሃን በሐምሌ ሰው ሁሉ ባና ተከናንቦ ቤቱ ይከተታል፤ ቤቱ የተከተተ ሰው ደግሞ ሣጥን መበርበሩ አይቀርም። አጎቴ የአያታቸውን ሣጥን ሲበረብሩ አንዲት ጠገራ ብር አገኙ። የሰፈሩ ሰላም በዚያ ቀን አበቃ።

አቦል ላይ ዋጋዋ አንድ በግ ነበር። ቶና ላይ ሰንጋ ሆነች። በረካ ሲቀዳ አንዲት ጎረቤት «በእንዲህ ያለችው አዲስ አበባ ላይ ቤት የገዛ ሰው አለ» አሉ። ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ስም የለውም።

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

«አጎቴ፣ ይህች ማርያ ቴሬዛ ናት፤ የኦስትሪያ ንግሥት። 1780 ይላል።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ።»

«እሰይ! በእኛ 1772 ማለት ነዋ። ስምንት ዓመት አረጀችልኝ!»

ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት መሞቷን ነገርኳቸው። ገበያው ግን ፊቷን ለምዶ ሌላ መልክ ያለው ብር አልቀበል ስላለ፣ ቪየና ያንኑ 1780 እየጻፈች ማተሟን ቀጠለች፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ ሳይቀሩ አትመዋታል። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን አይቶ ዕድሜዋን ማወቅ አይቻልም፤ የአጎቴ ጠገራ ከአጎቴ ብዙም ላትበልጥ ትችላለች።

አጎቴ አማተቡ። «ከሞተች በኋላም ያልተቋረጠች? እንግዲያማ ተአምረኛ ናት!» ዋጋው እንደገና ጨመረ።

ፓሪስ የታተመው የአፄ ምኒልክ ብር ቢሆን ኖሮ የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ዓመቱን እየለዩ ይፈልጉት ነበር አልኳቸው። እሱም ቢሆን ያልተነካካ ሲሆን ነው። የአጎቴ ጠገራ ግን አናቷ ላይ ለአንገት ማንጠልጠያ የተበየደ ቀለበት አለባት። ይባስ ብለው በአመድና በሎሚ ፈትገው እንደ ሙሽራ አብርተዋታል። ሰብሳቢ የሚወደው ያንን የጠቆረ እርጅናዋን ነበር፤ አጎቴ ግማሹን ዋጋ አጥበው ደጅ ደፉት። ይህን ስነግራቸው በሐዘኔታ አዩኝ፤ ቆሻሻ የሚገዛ ሰው አለ ብሎ የሚያምን ዘመድ ማን ይወዳል?

ልጃቸው በስልኳ አንድ ሚሊዮን ብር የተጠራባት ጠገራ አሳየቻቸው። ሻጭ የጠራው ዋጋና ገዢ የከፈለው ዋጋ ይለያያል ብል የሚሰማኝ ጠፋ።

በመጨረሻ ብር አንጥረኛ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ሚዛን ላይ አስቀመጣት፤ ሃያ ስምንት ግራም ከቀለበቷ ክብደት ጋር። ንጹሕ ብሯ ከሃያ ሦስት ግራም ብዙም አይዘልም ብሎ የግራም ሒሳብ ነገራቸው፤ መስቀል ሊሠራባት ነው። አጎቴ ቃል ሳይተነፍሱ ጠገራዋን በመሐረብ ጠቅልለው ወጡ። እስከ ቤት ድረስ አልተነጋገርንም።

እሑድ ዕድር ላይ ከኋላ ተቀምጬ ሰማኋቸው፦ «አንጥረኛው እግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ፤ እምቢ አልኩት።»

ዋጋዋ በዚያች ምሽት እጥፍ ሆነ።