ምስጋና ላልተደወለው ስልክ

ሕዝባችን ትዕግሥት አጥቷል እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች አሉ። የታክሲ ሰልፍ ላይ አምስት ደቂቃ መቆም ያንገሸግሸዋል፣ ባንክ ቤት ወረፋ ይዞ ይነጫነጫል፣ ወጡ እስኪበስል እንኳ አይታገሥም ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የኮሪያ የፍቅር ድራማ በሚታይበት ቤት አንድ ሌሊት አድረው አያውቁም። እኔ አድሬያለሁ። ታናሽ እህቴ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህማ ሌላ ቦታ አድሬ አላውቅም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የተለመደው የኮሪያ ድራማ 16 ክፍል አለው፤ አንዱ ክፍል 70 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሲደመር 18 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ተጉዞ፣ ገላን ታጥቦ፣ እራት በልቶ ጋደም ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ ለምን? በሃያ ዓመታቸው ተዋድደው የተለያዩ ሁለት ሰዎች ከአሥር ዓመት በኋላ ተገናኝተው፣ «ያኔ የሄድኩት ጠልቼህ አይደለም» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር እስኪተነፍሱ ድረስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለን የተረትነው እኛ ነበርን። የእነሱ እንቁላል ግን እስከ አሥራ አራተኛው ክፍል እግር እንኳ አያወጣም፤ የእኛው ከእርሱ ጋር ሲተያይ የማራቶን ሯጭ ነው። ይህን እንቅልፍ አጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጠዋት ሥራ ገብቶ እያንቀላፋ የሚጠብቅ ተመልካች ትዕግሥት የለውም የሚል ቢኖር ምቀኛ ነው።

ለመሆኑ ለምን ተለያዩ? እህቴን ብትጠይቋት «ውስብስብ ነው» ትላለች። ውስብስቡ ይህ ነው፦ ልጁ ከሌላ ሴት ጋር ቆሞ ታየ፤ ሴትየዋ በኋላ ስትጣራ የአጎቱ ልጅ ሆና ተገኘች። ወይም ሀብታሟ እናቱ ልጅቷን ቡና ቤት ጠርታ በፖስታ የታሸገ ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት፤ ልጅቷም ገንዘቡን ሳትነካ፣ ለልጁም ሳትነግረው ከከተማ ጠፋች። በአጭሩ፣ አንድ ጊዜ ስልክ ቢደወል በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው።

ስልክ ደግሞ አልጠፋም። ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በድራማ ውስጥ ሸቀጥ ማስተዋወቅን በሕግ ስለፈቀደች፣ ከተዋናዮቹ ይልቅ በቅርብ የሚታየው ስልኩ ነው። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ጀግና ሌሊት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስታወጣ አየሁ። ካሜራው ዞረው፤ ጀርባውን አሳየን፤ ጠርዙ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አሳየን። ልጅቷ «እንዴት ነህ» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፤ እንደገና አጠፋችው። ከዚያም ስልኩን የኩባንያው ስም በደንብ እንዲነበብ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችና ወደ መስኮቱ አየች። ያ ሁሉ የምሕንድስና ጥበብ ፎቶ ያነሣል፣ መንገድ ይመራል፣ የልብ ትርታ ይቆጥራል። የማይሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደውላ ቢሆን ኖሮ ድራማው በሁለተኛው ክፍል አልቆ፣ እኛም በጊዜ ተኝተን፣ ትልቅ ጥበብ በከንቱ በቀረ ነበር። ምስጋና ይገባታል።

የዚህ ጥበብ አያት እ.ኤ.አ. በ2002 የታየው «ዊንተር ሶናታ» ነው። (ስሙን ወደ አማርኛ መመለስ አይመከርም። እነሱ በረዶ ሲወርድ ነው የሚዋደዱት፤ «ክረምት» ብለን ከተረጎምነው ልጁ ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ ጫማው ተነቅሎበት ሊታየን ነው።) እዚያ ልጁ ልጅቷን ሊያገኝ ሲሮጥ በመኪና ተገጭቶ ሞተ ይባላል። አሥር ዓመት አልፎ እሷ ለሌላ ከታጨች በኋላ፣ ስሙ ሌላ፣ መልኩ ያው የሆነ ሰው ከአሜሪካ ይመጣል። ሲጣራ ራሱ ነው፤ ለካ እናቱ ትዝታውን በሐኪም አስፍቃ ወስዳው ኖሯል። ተራራ ከተራራ አይገናኝም፣ ሰው ከሰው ይገናኛል ይባል የለ? በዚህ ላይ ወንድምና እኅት ሳይሆኑ አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ይጨመርበታል። በመጨረሻም ሲገናኙ ልጁ ዓይነ ስውር ሆኗል። እንዲህ ያለውን መከራ በ20 ክፍል ብቻ መጨረስ ቁጥብነት ነው።

ጃፓኖች ይህን ሲያዩ ልባቸው ጠፋ። መሪ ተዋናዩ ቤ ዮንግ ጁን እ.ኤ.አ. በ2004 ቶኪዮ ሲደርስ ከ3,000 በላይ ሰው፣ አብዛኞቹ በእናቶቻችን ዕድሜ ያሉ ሴቶች፣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ወጥተው ተቀበሉት። ድራማው ወደተቀረጸባት ናሚ ደሴትም ጎብኚው ጎረፈ፤ በሁለቱ ረድፍ ዛፎች መካከል መራመድና ሁለቱ የተሳሳሙበትን ቦታ ማየት ግዴታ ሆነ።

ደሴቲቱ ያለችው ቹንቾን ከተማ ነው። እህቴ እነዚያን ዛፎች ከግቢያችን ጽድ ለይታ ታውቃቸዋለች። በዚያችው ከተማ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ሐውልት እንዳለ፣ ሲመረቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ጃንሆይ ራሳቸው እንደተገኙ፣ ከጎኑም «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት እንደተከፈተ ልነግራት ሞከርኩ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ወደ ኮሪያ ጦርነት የሄዱት ልጆች በዚያ በረዶ ውስጥ ሲዋጉ አንድም ሰው እንዳልተማረከባቸው ልጨምርላት ስል፣ «ጋሼ፣ አሁን ዝናቡ ሊጀምር ነው፤ ጃንጥላ ይዞ የሚመጣው ማን እንደሆነ ልይበት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሐውልቱ የትም አይሄድም፤ ጃንጥላው ግን የሚዘረጋው አንዴ ነው።

ስለ ጃንጥላ ከተነሣ፣ ስለ ሁለተኛው ሰውዬ አንድ ቃል ልናገር። በእያንዳንዱ ድራማ ውስጥ አንድ ደግ ሰው አለ። ስትታመም ሾርባ ያመጣል፤ ስትሰክር በጀርባው አዝሎ ቤቷ ያደርሳል፤ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላው ዝግጁ ነው፤ ስልክም ይደውላል! ጥፋቱም ይኸው ነው፤ ለተገኘ ሰው ማን ያለቅሳል? ያኛው አሥር ዓመት ጠፍቶ፣ ያለ አንድ ቃል ይቅርታ መጥቶ፣ የእጇን አንጓ ጨምድዶ ከእራት ገበታ ላይ ሲጎትታት፣ ቤቱ ሙሉ በደስታ ይጮኻል። የእኛን አገር ወንድ ይህን ሲያደርግ ያየን እንደሆነ ቀበሌ እንጠራለን። እዚያ ግን ከበስተኋላ ፒያኖ አለ። እኔ በበኩሌ ወገኔ ሾርባ አምጪው ነው፤ ምክንያቱን አትጠይቁኝ።

ኮሪያውያን ራሳቸው በፍቅር ነገር ጠንቃቆች ናቸው። ሴኡል ውስጥ በዶክሱጉንግ ቤተ መንግሥት የድንጋይ አጥር ሥር አብረው የሄዱ ፍቅረኞች ይለያያሉ ይላሉ፤ መንገዱ በአንድ ወቅት ወደ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ይወስድ ነበርና አባባሉ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአገሪቱ የወሊድ መጠን በአንዲት ሴት 0.72 ልጅ ብቻ ነበር። የኑሮው ውድነት ነው፣ የሥራው ብዛት ነው፣ የቤት ዋጋ ነው የሚሉ አዋቂዎች ሞልተዋል። እኔ ሌላ እጠረጥራለሁ፦ እኛ ደኅና ደኅናውን ቡና ወደ ውጭ ልከን ውዳቂውን እንደምንጠጣው፣ እነሱም ፍቅራቸውን በሙሉ ለውጭ ገበያ አቅርበውት ይሆናል።

ትናንት ማታ እህቴ መጨረሻው ክፍል ላይ ደረሰች። ቴሌቪዥኑን እኔ ለዜና ስለያዝኩት በስልኳ ነበር የምታየው። ሁለቱ ድልድይ ላይ ቆመዋል፤ በረዶ ይወርዳል። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «በፈጣሪ ስም፣ አንድ ጊዜ ደውሎላት ቢሆን ምን ነበረበት! ሰው እንዴት ለሰው አይደውልም?» እያለች ታለቅሳለች። ይህችው እህቴ ከአክስታችን ጋር ከተኳረፈች ዓመት አልፏታል። ለፋሲካ ያዋሰችው ብረት ድስት ያለ ክዳኑ ተመለሰና አንድ ቃል ተናገረች፤ አክስታችን ቃሉን ከሰው ሰማች፤ ከዚያ ወዲህ የደወለም ያነሣም የለም። ክዳኑ ከሁለት ወር በኋላ እኛው ቤት ከምጣዱ ሥር ተገኝቷል። ይህን ለአክስታችን የነገረ የለም።

ልጁ ከንፈሩን ሊከፍት ሲል ምስሉ ተቆረጠ። ስልኩ ይጮኻል፤ የሁለቱን ፊት የሸፈነው የአክስታችን ስም ነው።

«ውይ! ልክ ሊነግራት ሲል!» አለች እህቴና ቀዩን ተጫነችው።

«ማን ነው?» አልኳት፤ እንዳላየ ሆኜ።

«አክስቴ ናት። ሲያልቅ እደውልላታለሁ።»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ያመለጣትን ግማሽ ደቂቃ ወደ ኋላ መልሳ ከፈተችው።